የማገገሚያ ወራት የወለዳቸው መጻሕፍት፤ አቡ ሩሚ በካይሮ፣ ኦነሲሞስ ነሲብ ከፋማካ እስከ ነቀምት

የሥነ ጽሑፍ ታሪካችን የተጻፈው በአመዛኙ በታተሙ መጻሕፍት ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ ነው። መጽሐፉ መቼ ታተመ? የት ታተመ? ማን አሳተመው? እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው፤ ሆኖም አንድ ነገር ይጋርዳሉ። ከኅትመቱ ዓመት በፊት ያለፉት ዝምተኛ ወራት፣ ደራሲው ታሞ የተኛባቸው፣ ከጉዞ የታገደባቸው፣ ወይም ከአደባባይ ርቆ የተቀመጠባቸው ወራት በዝርዝሩ ውስጥ ቦታ የላቸውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ታላላቅ የትርጉም ሥራዎችን ከዚህ አንጻር መመልከት ነው። አንደኛው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ሁለተኛው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ትኩረቱ በሁለተኛው ላይ ይሆናል። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ ታሞ የሚያገግም ደራሲ ፊልም እያየ፣ መጽሐፍ እያገላበጠ ክረምቱን ይገፋል። በ1880ዎቹ ግን ሲኒማ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የሉሚየር ወንድማማቾች ተንቀሳቃሽ ሥዕላቸውን በፓሪስ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ሕዝብ ያሳዩት ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ነው። የዚያ ዘመን ሕመምተኛ የነበረው ቢበዛ ጥቂት መጻሕፍት፣ አስታማሚና ጊዜ ነበር። እነዚህ ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ምን እንደሚወለድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳየን ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አቡ ሩሚ ነው።

አቡ ሩሚ ብዙ አገር የዞረ ሰው ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መባቻ ካይሮ ደርሶ በታመመ ጊዜ በከተማው የፈረንሳይ ምክትል ቆንስል የነበረው አስለን ደ ሼርቪል አስጠግቶ እንዳስታመመው ይነገራል። መነኩሴው ከዳነ በኋላ ሁለቱ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ለመመለስ ተስማሙ። አስለን በሳምንት ሁለት ቀን ደጁን ለእንግዳ ዘግቶ ከአቡ ሩሚ ጋር ሲያነብ አሥር ዓመት ያህል ቆየ። ሥራው በ1818 ገደማ ተፈጸመ፤ አቡ ሩሚም ብዙ ሳይቆይ ካይሮን በመታው ወረርሽኝ ሞተ። የእጅ ጽሑፉን በ1820 የገዛው እንግሊዛዊው ዊልያም ጆዌት ነው። ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። ለአማርኛ ስድ ንባብ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ይህ ሥራ መነሻው የቤተ መንግሥት ትእዛዝ ወይም የማተሚያ ቤት ውል አይደለም፤ አንድ ሕመምተኛና አንድ አስታማሚ የጀመሩት ንባብ ነው።

ወደ ወለጋ እንመለስ። ኦነሲሞስ ነሲብ የተወለደው በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ ነው። የልጅነት ስሙ ሂካ ነበር። ቃሉ በኦሮምኛ ከመፍታትና ከመተርጎም ጋር የተያያዘ ነው፤ ስሙ ዕጣውን ቀድሞ የነገረው ይመስላል። አባቱ በአራት ዓመቱ ሞተበት። ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪክ መሠረት በ1869 በባሪያ ፈንጋዮች ተሰርቆ ስምንት ጌቶች ተቀያየሩበት። በመጨረሻ ምጽዋ ላይ ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣውና በምኩሉ ለነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። በ1872 የትንሣኤ ዕለት ተጠመቀ። ኦነሲሞስ የተባለውም ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ባለው ባሪያ ስም ነው። ከዚያም ስዊድን ተልኮ በስቶክሆልም አቅራቢያ በዮሐንስሉንድ ሴሚናሪ አምስት ዓመት ተማረ። ወደ ምጽዋ ሲመለስ ምሕረት ኃይሉን አገባ።

በዚህ ጊዜ ኦነሲሞስ ገና ደራሲ አልነበረም። ሕልሙ መንገደኛ መሆን፣ ተሰርቆ ወደ ወጣበት አገር ተመልሶ በገዛ ቋንቋው መስበክ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የውጭ ሚሲዮናውያን በግዛታቸው እንዳያልፉ ከልክለው ስለነበር ጉዞው በሱዳን በኩል መዞር ነበረበት። ዓላማው ጅማ መድረስ ነበር። መንገደኞቹ ግን ከአሶሳ ማለፍ ሳይችሉ ቀሩ። ወደ ኋላ ሲመለሱ ሚያዝያ 10 ቀን 1882 በዓባይ ዳር ካለችው ከፋማካ ደረሱ፤ ኦነሲሞስም እዚያ ንዳድ ጣለው።

ንዳድ በዚያ ዘመን ምን እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። ዛሬ ከነቀምት ተነሥቶ በኡኬ በኩል ወደ አንገር ሸለቆና ወደ ዓባይ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ስለ ወባ የሚያውቀውን ያህል የ1882 ሐኪም አያውቅም ነበር። ላቨራን የወባን ተሕዋስ በአልጄሪያ ያየው ከሁለት ዓመት በፊት በ1880 ነው። ሮናልድ ሮስ በሽታውን ከትንኝ ጋር ያገናኘው ደግሞ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በ1897 ነው። ስለዚህ ቆላ የወረደ ደገኛ ሁሉ የሚይዘውን ትኩሳት በጅምላ «ንዳድ» እያለ፣ ምክንያቱን ከአየሩና ከረግረጉ ሽታ እየፈለገ ይኖር ነበር። ኦነሲሞስ ካርቱም ከደረሰ በኋላ ጤናው ተመለሰለት። ከዚያ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ምኩሉ ተመለሰ፤ የመጀመሪያዎቹን የኦሮምኛ ትርጉሞቹን የጀመረውም በዚህ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ የጊዜው ግጥምጥም ትኩረት ይሻል። ኦነሲሞስ ከንዳዱ በተረፈበት በዚያው ዓመት፣ ሰኔ 6 ቀን 1882፣ በሆሮ ጉድሩ እምባቦ ላይ የሸዋና የጎጃም ጦር ተዋጉ። የንጉሥ ምኒልክ ወገን በራስ ጎበና ብርታት ድል አደረገ። የወለጋ ዕድል በብዙ መልኩ የተወሰነው በዚህ ጦርነት ነው። የነቀምቱ ገዥ ሞሮዳ በከሬም ለምኒልክ ገብሮ ግዛቱን አቆየ። በሱዳን ደግሞ ማሕዲ በ1881 ራሱን ካወጀ ወዲህ አገሩ ይናጥ ነበር፤ ካርቱምም በጥር 1885 ወደቀች። በኦሮምኛ ትርጉም ቀዳሚ የነበረው ጀርመናዊው ክራፍ የሞተውም በኅዳር 1881 ነው። እንግዲህ አንዱ ሰው በአልጋ ላይ ሳለ አገሩ ጌታ ለወጠ፣ የመጣበት መንገድ ሊዘጋ ተቃረበ፣ የቀደመው ተርጓሚም አለፈ። ሕመሙ መንገደኛውን አስቀረው፤ ተርጓሚው ግን ከዚያ ተነሣ።

ይሁን እንጂ ነገሩን ማጋነን አይገባም። ሕመም በራሱ መጽሐፍ አይጽፍም። ንዳድ የያዘው ሁሉ ተርጓሚ ቢሆን ኖሮ ቆላው በመጻሕፍት በተሞላ ነበር። ኦነሲሞስ እንደገና በ1886 ወደ ወለጋ ለመግባት ሞክሯል፤ እንጦጦ ድረስ ደርሶ ምኒልክ የዐፄ ዮሐንስን ትእዛዝ ጠብቀው መለሱት። ስለዚህ ጸጥታው ሁለት ጊዜ ተጭኖበታል፤ አንድ ጊዜ በበሽታ፣ አንድ ጊዜ በመንግሥት። ልዩነቱ ያለው ጸጥታውን ባዋለበት ሥራ ላይ ነው። ማርቲን ሉተር ከ1521 እስከ 1522 በቫርትቡርግ ምሽግ ተሸሽጎ ሳለ አዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ መልሷል። ዮሐንስሉንድ የሉተራውያን ሴሚናሪ እንደመሆኑ መጠን ይህ ታሪክ ለኦነሲሞስ እንግዳ አልነበረም ብሎ መገመት አያስቸግርም።

ኦነሲሞስ በምኩሉ ጠረጴዛው ፊት ሲቀመጥ ያገኘው ዋና ችግር የቃላት ድርቀት ነበር። ከአገሩ የወጣው ገና ልጅ ሳለ ነው። የልጅ ኦሮምኛ ለቤት ይበቃል፤ ለነቢያት ቅኔ፣ ለሕግና ለምሳሌ አይበቃም። ይህን ጉድለት የሞላችው አስቴር ጋኖ ናት። አስቴር በ1886 የኢጣልያ የጦር መርከብ ወደ የመን ትጓዝ ከነበረች የባሪያ መርከብ ላይ ነጻ አውጥቷት ምኩሉ የገባች ወጣት ነበረች። የቋንቋው ሀብት በአንደበቷ ነበር። ስድስት ሺህ ያህል ቃላት ላለው የኦሮምኛና የስዊድንኛ መዝገበ ቃላት የሚበዛውን አቅርባለች። አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን በጽሑፍ አስፍራለች። ከዚህ ስብስብ ከፊሉ ኦነሲሞስና እርሷ በ1894 ባሳተሙት የንባብ መማሪያ ውስጥ ገባ። ለሥነ ቃል ተማሪ ይህ ቀን ታላቅ ነው፤ የኦሮሞ ሥነ ቃል በቋንቋው ተናጋሪ እጅ ተሰብስቦ ለማንበቢያነት የቀረበበት ነውና።

አዲስ ኪዳን በ1893 ምኩሉ ላይ፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ በባዝል አጠገብ በሳንክት ክሪሾና ታተመ። ትርጉሙ ሲጠቀስ የሚነሣው የኦነሲሞስ ስም ነው። መኩሪያ ቡልቻ በ1995 ባወጣው ጥናት የኦነሲሞስን የፈር ቀዳጅነት ሥራ በዝርዝር ሲመረምር የአስቴርም ድርሻ ከረዳትነት የላቀ መሆኑን አጉልቷል። በአቡ ሩሚና በአስለን መካከል የታየው ዝምድና እዚህም አለ፤ የትርጉም ሥራ ቢያንስ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ታሪክ ግን አንዱን ስም መርጦ ይይዛል። በካይሮው ሥራ የቆንስሉ ስም ለረጅም ጊዜ መነኩሴውን ሲጋርድ፣ በምኩሉው ሥራ የወንዱ ስም ሴቲቱን ጋርዷል።

መጻሕፍቱ በግእዝ ፊደል መታተማቸውም ለእኛ ክፍል ጥናት ልዩ ትርጉም አለው። የኦሮምኛ አናባቢዎች አምስት ሆነው እያንዳንዳቸው አጭርና ረጅም አላቸው። የፊደል ሰባቱ እርከኖች ግን ይህን እጥረትና ርዝመት በወጉ አይለዩም፤ መጥበቅንና መላላትንም ምልክት አያደርጉም። ኦሮምኛን በፊደል ለመጻፍ ያገለገለችው «ዸ» የተባለችው ፊደልም ቋንቋው በአማርኛ የሌለ ድምፅ እንዳለው ታስታውሳለች። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በቁቤ መጻፉ ስለጸና፣ በፊደል የታተሙትን እነዚህን መጻሕፍት አቀላጥፎ የሚያነብ ሰው እያነሰ ሄዷል። ፊደሉን የሚያውቀው ተማሪ ብዙ ጊዜ ቋንቋውን አያውቅም፤ ቋንቋውን የሚያውቀው ፊደሉን ይቸገራል። ሁለቱን የያዙ ተማሪዎች ቢነሡ በአቡ ሩሚና በኦነሲሞስ ትርጉሞች መካከል ማነጻጸር የሚጠብቃቸው ያልተነካ መስክ ነው።

ኦነሲሞስ ወለጋ የገባው በ1904 ነው። የሞሮዳ ልጅ ኩምሣ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በክብር ተቀበሉት። ነቀምት ላይ ከአስቴር ጋር ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በኦሮምኛም ሰበከ። ካህናቱ ከሰሱት። በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቦ ግዞት ተፈረደበት፤ ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምት እንዲመለስ፣ ነገር ግን እንዳይሰብክ አዘዙ። ይህ ሦስተኛው ጸጥታ ነበር። ልጅ ኢያሱ በ1916 እስኪፈቅዱለት ድረስ አሥር ዓመት ያህል ቆየ። በኋላም ራስ ተፈሪ ፈቃዱን አጸኑለት።

በእነዚህ አሥር ዓመታት የሰውዬው አፍ ቢታገድም መጻሕፍቱ አልታገዱም ነበር። ከእርሱ ቀደም ብለው ቦጂ የገቡት ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤልና ዳንኤል ሉሉ በኦሮምኛ በታተሙት መጻሕፍት ማስተማር አስቀድመው ጀምረው ነበር። በንዳድ ማግስት የተጀመረው ጽሑፍ ተናጋሪው ዝም ባለበት ዘመን በየመንደሩ ይነበብ ነበር ማለት ነው። ሦስተኛውን ጸጥታ የሚታገሡት ያደረገው ከመጀመሪያው ጸጥታ የተገኘው ሥራ ነው።

ከዚህ ሁለት ነጥቦች ይገኛሉ። አንደኛ፣ የደራስያንን የሕይወት ታሪክ ስናጠና ባዶ የሚመስሉትን ዓመታት መዝለል የለብንም። ሰውዬው ታሞ የት ተኛ? ማን አስታመመው? በአልጋው አጠገብ የትኛው መጽሐፍ ነበር? ከማን ጋር ያነብ ነበር? የሚሉት ጥያቄዎች ከኅትመት ዓመት ያላነሰ ዋጋ አላቸው። ሁለተኛ፣ ጸጥታ ፍሬ የሚሰጠው ከሌላ ሰው ጋር ሲካፈሉት ነው። አቡ ሩሚ ያለ አስለን ደጅ፣ ኦነሲሞስም ያለ አስቴር አንደበት የጀመሩትን ባልጨረሱ ነበር።

ኦነሲሞስ ነሲብ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ለስብከት በመሄድ ላይ ሳለ አረፈ። አስቴር ጋኖ እርሱ ካለፈ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖራ በ1964 በዚያው በነቀምት ሞተች። ሁለቱም የተነጠቁትን አገር መልሰው ያገኙት አስቀድመው በመጽሐፍ፣ ኋላም በእግራቸው ነው።