ደርግን ማን አነገሠው?

ደርግን ያነገሠው ጠመንጃ ብቻ አልነበረም። በጣና ዙሪያ ብዙው ሙስሊም ርስት ተነፍጎ በሽመናና በንግድ ይኖር ነበር። የወሎ ረሃብ ተደበቀ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አባቶቻችን በአዲስ አበባ አደባባይ እኩልነትን ጠየቁ።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን አወረደ፤ ኅዳር 14 ቀን 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። በዚያው ዓመት በዓላችንን ብሔራዊ አደረገ፤ መሬትንም ለአራሹ አወጀ። መብቱን ያገኘው ብዙ ሰው ስለ ኅዳሩ ደም አልጠየቀም። ቀይ ሽብር ሲመጣ ግን የሙስሊም ልጅ፣ የክርስቲያን ልጅ ብሎ አልለየም።

በደል ጽንፈኛን ይወልዳል፤ ዝምታ ያሳድገዋል። እንግዲህ ልጆቻችን ለራሳቸው ብቻ ሳይሆን ለበደላቸውም ሰው ፍትሕን እንዲጠይቁ እናስተምራቸው።