የአዳኝ መርከብ ሥራና አሠራር፤ የ«ፋልከን» ታሪክ

ከጦር መርከቦች መካከል ሥራዋ መዋጋት ሳይሆን የሰጠመውን ማንሣትና ነፍስ ማዳን የሆነ መርከብ አለች። ስለ እርሷ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የሞተሯና የማንሻዋ ኃይል ነው። እኛ ግን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ንብረት የነበረችውን የ«ፋልከን»ን ታሪክ መርምረን፣ የአዳኝ መርከብ አሠራር በራሷ አካል ብቻ የማይፈጸም መሆኑን በአጭሩ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

«ፋልከን» በ1918 ወደ ባሕር ስትወርድ ፈንጂ ጠራጊ ነበረች፤ ርዝመቷም 57 ሜትር ያህል ነው። ኋላ ለጠላቂዎች ሥራ ስትመደብ ከሁሉ በላይ የሚፈለግባት ፍጥነት ሳይሆን በአንድ ስፍራ ጸንቶ መቆም ሆነ። መርከቢቱ በነፋስ ብትንሸራተት ከሥር ያለው ጠላቂ የአየር ቧንቧ ይጐተታልና፣ በየአቅጣጫው መልሕቅ ጥላ በገመድ ትወጠራለች።

ዲሴምበር 17 ቀን 1927 «ኤስ-4» የተባለች ሰርጓጅ መርከብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ በማሳቹሴትስ ጠረፍ 30 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ሰጠመች። «ፋልከን» በማግሥቱ ደረሰች። የወረደው ጠላቂ የመርከቢቱን ብረት ቢመታ፣ በፊተኛው ክፍል የነበሩ 6 ሰዎች በምት መለሱለት። ነገር ግን ሰዎቹን የሚያወጣ መሣሪያ ገና አልተሠራም ነበር፤ ማዕበሉም በረታ። በመርከቢቱ የነበሩት 40 ሰዎች ሁሉ ሞቱ።

ሜይ 23 ቀን 1939 «ስኳለስ» የተባለች ሰርጓጅ መርከብ በኒው ሃምፕሽየር አጠገብ 73 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ 59 ሰዎች እንደያዘች ሰጠመች። የመጣችው ያችው «ፋልከን» ናት። ዳሩ ግን በዚህ ጊዜ በቻርልስ ሞምሰን ተጀምሮ በአለን ማክካን የተፈጸመው የማዳኛ ደወል ከእርሷ ጋር ነበረ። ጠላቂው የደወሉን መውረጃ ገመድ በሰርጓጇ መውጫ ላይ አሰረ፤ ደወሉም ገመዱን እየጠቀለለ ወረደ። በመውጫው ዙሪያ ባለው ለስላሳ የብረት ቀለበት ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ያለው ውሃ ተገፍቶ ወጣ፤ የባሕሩም ግፊት ራሱ ደወሉን አጣበቀው። በአራት ምልልስ 7፣ 9፣ 9 እና 8፣ በጠቅላላው 33 ሰዎች ዳኑ። በኋለኛው ክፍል የነበሩት 26 ግን አስቀድሞ ውሃ ገብቶባቸው ሞተዋል።

እንግዲህ በ1927ም በ1939ም የመጣችው መርከብ አንዲት ናት። ልዩነቱ የደወሉ መኖርና፣ ይልቁንም «ስኳለስ» ገና ስትሠራ መውጫዋ ደወሉን እንዲቀበል ሆኖ መዘጋጀቱ ነው። ቀለበቱ ባይኖር ደወሉ ማረፊያ ባጣ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ የአዳኝ መርከብ እኩሌታ የሚሠራው በሚድነው መርከብ ላይ፣ ያውም ከአደጋው በፊት መሆኑን ነው።