የኸይር ድርጅቶች የመረጃ አያያዝ፦ ጠቃሚ የመረጃ ስትራቴጂ እንዴት ይዘጋጃል?

ረመዷን ሲቃረብ በየሰፈሩ የአስቤዛ እደላ ይጀመራል። የመስጂድ ጀመዓዎች፣ የወጣት ማኅበራት፣ የየቲም መርጃ ድርጅቶች፣ በውጭ የሚኖሩ ወንድምና እህቶች የሚልኩት ድጋፍ፣ ሁሉም በአንድ ወር ውስጥ ይደርሳል። ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ከሦስትና ከአራት ቦታ ዱቄትና ዘይት ሲቀበል፣ ከጎኑ ያለችው ባሏ የሞተባት እናት በማንም መዝገብ ላይ ሳትኖር ወሩ ያልቃል። ሰጪው አልሰሰተም፤ አዳዩም አልሰነፈም። የጎደለው ማን እንዳለ፣ ማን እንደተሰጠውና ማን እንደቀረ የሚያሳይ የተደራጀ መረጃ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የኸይር ድርጅቶችና ጀመዓዎች አቅማቸውን ያገናዘበ የመረጃ ስትራቴጂ እንዴት እንደሚያዘጋጁ እናያለን።

የመረጃ ስትራቴጂ ምንድን ነው?

የመረጃ ስትራቴጂ ሲባል ብዙዎች ኮምፒውተርና ውድ ሶፍትዌር ይታያቸዋል። እኛ ግን ከዚያ በጣም ቀለል ያለ ነገር ማለታችን ነው። አንድ ድርጅት የትኛውን መረጃ እንደሚሰበስብ፣ ለየትኛው ውሳኔ እንደሚያውለው፣ ማን እንደሚይዘው፣ ማን እንዲያየው እንደሚፈቀድለትና መቼ እንደሚሰረዝ አስቀድሞ የተስማማበት አጭር ሰነድ ነው። ለአንድ የመስጂድ ጀመዓ ሁለት ገጽ ይበቃዋል።

ጽፎ መያዝ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ከቁርአን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ፣ ብድርን በጽሑፍ ስለማስፈርና ምስክር ስለማቆም የሚናገር ነው። በሰዎች መካከል ያለ ብድር ይህን ያህል ትኩረት ከተሰጠው፣ የድሆች ሐቅ የሆነው ዘካ በቃልና በትውስታ ብቻ ሊያዝ አይገባውም።

መነሻው ውሳኔ እንጂ ፎርም አይደለም

ብዙ ድርጅቶች ሥራውን የሚጀምሩት ረጅም ፎርም በማዘጋጀት ነው። አርባ ጥያቄ ይጠየቃል፣ ወረቀቱ በካርቶን ይታሸጋል፣ ተመልሶ የሚያየው የለም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ተቃራኒው ነው። አመራሩ በመጀመሪያ ቁጭ ብሎ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሚወስናቸውን ውሳኔዎች ይዘርዝር። ለምሳሌ፦

• ባለን ገንዘብ በዚህ ዓመት ስንት አዲስ የቲሞች መቀበል እንችላለን?
• ከአመልካቾች መካከል ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን ነው?
• ለዘካ የገባው ገንዘብ ለማን ተሰጠ? ምን ያህልስ ቀረ?
• ድጋፉ የሚቋረጠው መቼ ነው?

ከዚያ ለእያንዳንዱ ውሳኔ የሚያስፈልገው መረጃ ይለይ። መልሱ ውሳኔውን የማይቀይር ጥያቄ ከፎርሙ ይውጣ። አንዲት እናት ስለ ትዳሯና ስለ ሕመሟ ከተጠየቀች ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ ለሙስሊም ድርጅቶች ከባድ ነው። በሱረቱት ተውባ 60ኛው አንቀጽ ዘካ የሚሰጣቸው ስምንት ክፍሎች ተዘርዝረዋል። አጠቃላይ ሶደቃ ግን ለመድረሳ ግንባታም፣ ለውኃ ጉድጓድም ሊውል ይችላል። ሁለቱ በአንድ የባንክ ሒሳብና በአንድ ዝርዝር ከተቀላቀሉ፣ ዘካው ለባለ ሐቆቹ መድረሱን ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ስለዚህ ገቢ ሲመዘገብ ዘካ፣ ሶደቃ፣ ዘካተል ፊጥር ወይም ለተወሰነ የቲም የተላከ መሆኑ በዚያው ቅጽበት መጻፍ አለበት። በባንክም ሆነ በቴሌብር የሚልኩ ሰዎች ምክንያቱን እንዲጽፉ ማሳሰብ የሥራው አካል ነው።

ከታሪክ የምንማረው

በሁለተኛው ኸሊፋ በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን ከበይተል ማል ድጎማ የሚያገኙ ሰዎች ስም የሚሰፍርበት ዲዋን የተባለ መዝገብ ተቋቁሟል። ስለዚህ መዝገብ ከሚዘገቡት ታሪኮች አንዱ ለዛሬ ድርጅቶች ትልቅ ትምህርት አለው። ዑመር ለሕፃናት ድጎማ የሚወስኑት ጡት ከጣሉ በኋላ ነበር። አንድ ሌሊት ሕፃን ያለማቋረጥ ሲያለቅስ ሰምተው እናቱን ቢጠይቁ፣ ድጎማው እንዲደርሳት ብላ ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለችው መሆኑን ነገረቻቸው። ዑመር በጣም አዘኑ፤ ከዚያ በኋላ ድጎማው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሕፃን እንዲሰጥ አዘዙ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። የምንመርጠው መስፈርት የሰዎችን ኑሮ ይቀይራል። «ትምህርት ያቋረጡ ልጆችን ብቻ እንረዳለን» ያለ ድርጅት ሳያስበው ልጅን ከትምህርት ማስቀረትን ሊያበረታታ ይችላል። ስለዚህ መስፈርት በወጣ ቁጥር ሰው በዚህ ምክንያት ምን ሊያደርግ እንደሚችል መጠየቅ፣ ወርዶም ማየት ያስፈልጋል።

በአገራችን የሚያጋጥሙ ሦስት የምዝገባ ችግሮች

የመጀመሪያው የስም አጻጻፍ ነው። ሙሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሐመድና መሃመድ ለሰው አንድ ስም፣ ለኮምፒውተር ግን አራት ናቸው። ዐሊና አሊም እንዲሁ። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መመዝገቡ የማይታወቀው በዚህ ነው። መፍትሔው ስሙን እስከ አያት ድረስ በመታወቂያው ላይ እንዳለ መጻፍ፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብም ድርጅቱ ራሱ የሚሰጠው የማይቀየር ቁጥር መስጠት ነው። ስልክ ቁጥርን እንደ መለያ መጠቀም አያስተማምንም፤ አንዱን ስልክ መላው ቤተሰብ ይጠቀምበታል፣ ቁጥሩም ይቀየራል።

ሁለተኛው የቀን አቆጣጠር ነው። እኛ በሦስት አቆጣጠር እንኖራለን፦ በኢትዮጵያ፣ በአውሮፓና በሒጅራ። በውጭ ለሚኖር ረጂ የሚላክ ዝርዝር ላይ የልደት ዓመት 2008 ተብሎ ብቻ ከተጻፈና አንባቢው በአውሮፓ አቆጣጠር ከተረዳው፣ ልጁ ከ7 እስከ 8 ዓመት ያረጀ ሆኖ ይታያል። ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ዕድሜው ደርሷል» ተብሎ ከድጋፍ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ድርጅቱ አንድ አቆጣጠር ይምረጥ፤ በዓምዱ ርዕስ ላይም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ ይጻፍ። የዘካ ጊዜ ግን በሒጅራ መመዝገብ አለበት። የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያንስ በ33 የፀሐይ ዓመታት ውስጥ አንድ ተጨማሪ የሒጅራ ዓመት ይኖራል።

ሦስተኛው የማይጠይቁት ድሆች ጉዳይ ነው። በሱረቱል በቀራ 273ኛው አንቀጽ፣ ከመጠየቅ በመቆጠባቸው የማያውቃቸው ሰው ሀብታም አድርጎ የሚገምታቸው ድሆች ተወስተዋል። በራፍ ላይ ተሰልፈው የሚመዘገቡ ሰዎች ዝርዝር እነዚህን ፈጽሞ አያሳይም። ስለዚህ ከምዝገባው ጎን የመስጂዱ ኢማም፣ የእድር ሰብሳቢዎች፣ የመድረሳ ኡስታዞችና የሰፈር እናቶች በሚስጥር የሚጠቁሙበት መንገድ ይኑር። በየሩብ ዓመቱም «በዝርዝራችን ላይ ማን የለም?» ብሎ መጠየቅ ልማድ ይሁን።

መሣሪያው የሚመረጠው በመጨረሻ ነው

እስከ መቶ ቤተሰብ ለሚረዳ ጀመዓ በሚገባ የተሰመረ ደብተርና አንድ የኤክሴል ፋይል ይበቃል። ቤት ለቤት መረጃ የሚሰበስቡ ድርጅቶች ኮቦ ቱልቦክስ የተባለውን መሣሪያ መጠቀም ይችላሉ፤ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ጥያቄዎቹም በአማርኛ ሊዘጋጁ ይችላሉ። መሣሪያ ከመለወጥ በፊት ግን ሁለት ነገር ይጣራ፦ አሁን ያለው ሠራተኛ ቢለቅ ሌላው ሰው ሥራውን መቀጠል ይችላል ወይ? ፋይሉ ቢጠፋ ቅጂው የት አለ? የድርጅት መረጃ ሁሉ በአንድ በጎ ፈቃደኛ ስልክ ላይ ብቻ ካለ፣ ድርጅቱ መረጃ አለው ማለት አይቻልም።

የሰው ገመና አማና ነው

የተረጂ ስም፣ ሕመም፣ አድራሻና ፎቶ በእጃችን ያለ አማና ነው። የየቲሞች ፎቶ ከሙሉ ስማቸውና ከትምህርት ቤታቸው ጋር በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲለጠፍ ይታያል። ረጂው ገንዘቡ መድረሱን ማየት መፈለጉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ካደገ በኋላም ያ ፎቶ ይከተለዋል። ሱረቱል በቀራ በ264ኛው አንቀጽ ሶደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት ከማበላሸት ያስጠነቅቃል። በ271ኛው አንቀጽ ደግሞ በድብቅ ለድሆች መስጠት የበለጠ መሆኑን ይገልጻል። ለረጂው የሚላከው ሪፖርት በመለያ ቁጥር፣ በደረሰኝና በትምህርት ውጤት ቢሆን እምነትን ይጠብቃል፣ ክብርንም አይነካም።

የአገሪቱ ሕግም በዚሁ አቅጣጫ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ በፈቃድና ለታወቀ ዓላማ እንዲያዝ ይጠይቃል፤ የጤናና የሃይማኖት መረጃን የመሳሰሉትንም ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ አድርጎ ያያቸዋል። ስለዚህ ሲመዘገቡ «ይህን መረጃ ለዚህ ነው የምንፈልገው፤ የሚያዩት እነ እገሌ ናቸው» ተብሎ በሚገባቸው ቋንቋ ይነገራቸው። ዝርዝሩ በጋራ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አይላክ። ድጋፉ ካበቃ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የማያስፈልገው ይሰረዝ።

ምን እንቁጠር?

«500 ጥቅል አደልን» የሚለው ቁጥር የእኛን ሥራ ይናገራል፤ የተረጂውን ሁኔታ ግን አይነግረንም። ከእሱ ጎን ለውጥን የሚያሳይ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ይጨመር፦ ከምንረዳቸው የቲሞች ስንቱ የትምህርት ዓመቱን ጨረሱ? መቋቋሚያ ከሰጠናቸው እናቶች ስንቶቹ ከዓመት በኋላ ያለ ድጋፍ ይኖራሉ? መልሱ ባያስደስት እንኳ በሪፖርቱ ውስጥ ይግባ፤ የሚቀጥለው ዓመት ውሳኔ የሚስተካከለው በእሱ ነው።

የፋይናንስ መረጃም እንዲሁ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ ድርጅት ዓመታዊ ሪፖርት ማቅረብና የአስተዳደር ወጪውን ከገቢው 20 በመቶ በታች መጠበቅ አለበት። ወጪ በተከሰተበት ቀን በየፈርጁ ከተመዘገበ ይህ ቀላል ነው። የመስጂድ ጀመዓ በዚህ አዋጅ ባይገደድም፣ ለጀመዓው የሚያቀርበው ዓመታዊ ሒሳብ ያው አማና ነው።

በሦስት ወር የሚጀመር ሥራ

በመጀመሪያው ወር አመራሩ ውሳኔዎቹን ይዘርዝር፤ አንድ ሰው በኃላፊነት ይመደብ፤ ያሉት ደብተሮችና ፋይሎች አንድ ቦታ ይሰብሰቡ። በሁለተኛው ወር ፎርሙ ወደ አንድ ገጽ ይጠር፤ በሃያ ቤተሰብ ላይ ይሞከር፤ የተደጋገሙ ስሞች ይለዩ። በሦስተኛው ወር አጎራባች ድርጅቶች ይገናኙ። ተረጂዎች ከፈቀዱ ለማጣራት የሚያስፈልገውን ብቻ፣ ማለትም ስምና ሰፈርን፣ በሁለት በተመረጡ ታማኝ ሰዎች በኩል ማነጻጸር ይቻላል። ሙሉ ዝርዝር መለዋወጥ አያስፈልግም።

ይህን ሥራ ረመዷን ገብቶ ከመጀመር ይልቅ በረጀብና በሸዕባን መጨረስ ይሻላል። ያኔ የአስቤዛው መኪና ሲመጣ የሚቀረው ማደል ብቻ ይሆናል፤ ያቺ በማንም መዝገብ ያልነበረች እናትም ቤቷ ድረስ ትደረሳለች ኢንሻአላህ።

ወላሁ አዕለም።