የጴጥሮስ ልጆች በጣና ዳር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በመዝሙር ክፍል ለዓመታት አብረውን ሲያገለግሉ ኖረው ድንገት ከመካከላችን የጠፉትን ወንድሞችና እኅቶች እስኪ አስቡአቸው። አንዳንዶቹን ሥራ ወይም ትምህርት ከመራዊ ወስዷቸዋል። ሌሎቹ ግን እዚሁ ከተማችን ውስጥ አሉ፤ በበዓል ቀን ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ተሳልመው ይመለሳሉ። ለምን እንደ ቀሩ ቢጠየቁ ሃይማኖታቸውን እንዳልለወጡ፣ እንዳልካዱ ይናገራሉ። መልሳቸው፣ «እኔን የመሰለ ሰው በምን ፊቱ ነጠላ አጣፍቶ ይዘምራል?» የሚል ነው። ሰውዬው በመጠጥ ወይም በዝሙት ወይም በሐሰት አንድ ቀን ወደቀ፤ ከቤቱ ያራቀው ግን ከውድቀቱ ይልቅ እፍረቱ ነው። ምናልባት ይህን የምታነብ አንተ፣ ይህን የምታነቢ አንቺ፣ ከእነዚህ አንዱ ወይም አንዷ ትሆኑ ይሆናል።

ለዚህ እፍረት መልስ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። ከመራዊ ወደ ባሕር ዳር ወርደን የጣናን ዙሪያ ብንመለከት ይበቃናል፤ ዘመኑም የዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው።

ይህን ታሪክ ስንማር አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ወገን ከፍለን እንማረዋለን፤ በአንድ ወገን ስለ ተዋሕዶ የሞቱ ሰማዕታት፣ በሌላው ወገን ንጉሡና ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን። በመካከል የነበረውን እልፍ ሕዝብ ግን አናነሣውም። እኛ ዛሬ ልናነሣው የምንወደው እርሱን ነው፤ እኛን የሚመስለን እርሱ ነውና።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1599 ዓ.ም. ነገሠ። የኢየሱሳውያኑ መምህር ፔድሮ ፓኤዝ በትምህርቱም በጠባዩም የንጉሡን ልብ ሳበ፤ በ1614 ዓ.ም. ንጉሡ የሮምን ሃይማኖት መቀበሉን በግልጥ አስታወቀ። በ1617 ዓ.ም. አልፎንሱ ሜንዴዝ ከሮም ፓትርያርክ ተብሎ መጣ። በየካቲት 1618 ዓ.ም. በደንቀዝ ንጉሡ፣ ልጆቹና መኳንንቱ ለሮም ጳጳስ ለመታዘዝ ማሉ። ከዚያም ትእዛዙ ተከታተለ፤ ሕዝቡ እንደ ገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደ ገና ይካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና ይባረኩ፣ በዓላቱና አጽዋማቱ በሮም አቈጣጠር ይሁኑ ተባለ። በዚያ ጊዜ ጎጃምን ይገዛ የነበረው የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስለ ነበረና እርሱም ከመኳንንቱ ሁሉ ይልቅ በአዲሱ እምነት የጸና ስለ ነበረ፣ የእኛ አገር ሰው ፈተናው በሩቅ የሚሰማው ወሬ አልነበረም።

እስኪ አንድ የገጠር ቄስ በዐይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። አባቱም አያቱም በዚያው ደብር ቀድሰዋል፤ ርስቱም ልጆቹም እዚያው ናቸው። የንጉሥ መልእክተኛ መጥቶ፣ «ክህነትህ ክህነት አይደለም፤ ዳግመኛ ተካን፤ አለዚያ ደብሩን ልቀቅ» ይለዋል። አንዳንዱ ጫካ ገባ። አንዳንዱ በደሴት ተሸሸገ። አንዳንዱም ሞተ። የሚበዛው ግን አንገቱን ደፍቶ እሺ አለ። ይህን ስንጽፍ ልንፈርድበት አይደለም፤ የማይካድ ታሪክ ስለ ሆነ ነው።

ከጸኑት መካከል አንዷ የጣና እመቤት ልትባል የሚገባት ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ናት። በ1585 ዓ.ም. ገደማ ከታላላቅ ቤተ ሰብ ተወለደች። ባልዋ መልክአ ክርስቶስ ከንጉሡ ዋና አማካሪዎች አንዱ ነበረ። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱባት። በ1609 ዓ.ም. በንጉሡ ላይ ከተነሡት ጋር የነበሩት ጳጳሱ አቡነ ስምዖን በተገደሉ ጊዜ ባልዋ በዚያ ዘመቻ ነበረ። የሟቹን ጳጳስ ልብስ መያዙን ባወቀች ጊዜ ከእርሱ ጋር መኖር አልቻለችም፤ ቤቷን፣ ወርቋንና ክብሯን ጥላ ወጣች። ከተጠጋችባቸው ቦታዎች አንዱ ዛጌ ነው። የንጉሡን ሃይማኖት እንዳትቀበሉ እያለች ስታስተምር በንጉሡ አደባባይ ቆመች፤ ሜንዴዝም ሊያሳምናት ደክሞ አልሆነለትም። በመጨረሻ ወደ ዠበል ተጋዘች፤ ሦስት ዓመትም በዚያ ኖረች። ከዚያ ተመልሳ በጣና ዙሪያ መነኮሳትንና መነኮሳይያትን እየሰበሰበች በሕይወቷ ሰባት ማኅበራትን አቋቋመች።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ይህች የጽናት እናት የተጠራችበት ስም የጴጥሮስ ልጅ ማለት ነው። ጴጥሮስ ማን ነው? የሐዋርያት አለቃ ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት እየሞቀ በአንዲት አገልጋይ ፊት ጌታውን አላውቀውም ያለውም እርሱ ነው። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ። ዶሮ ሲጮኽ ወጥቶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ። ጌታ ከተነሣ በኋላ ይህን ሰው ያገኘው በባሕር ዳር ነው፤ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር፣ በሌላ እሳት አጠገብ። ስለ ክህደቱ አልወቀሰውም፤ ይወደው እንደ ሆነ ሦስት ጊዜ ጠየቀውና በጎቹን አስረከበው። ቤተ ክርስቲያናችን በዚያ ሰው ስም ልጆችዋን ታጠምቃለች፤ ማንም ወላጅ ጴጥሮስ ክዶ ነበርና ስሙ ይቅርብኝ ሲል አልሰማንም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በላስታና በሌላውም አገር ዐመፁ በረታ፤ ደም እንደ ውኃ ፈሰሰ። ሁለቱም ወገን የአንድ አገር ልጆች ነበሩ። በሰኔ 1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። በመስከረም 1625 ዓ.ም. ዐረፈና በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበረ። በልቡ ምን ይዞ እንደ ሄደ ፍርዱን ለፈጣሪ እንተወዋለን።

ዐዋጁ በተነገረ ቀን አገሩ በእልልታ ተናወጠ ይባላል። እልል ያለው ማን ነበር? ሁሉም እንደ ወለተ ጴጥሮስ በስደት የጸና አልነበረም። ትናንት ዳግመኛ የተጠመቀው ነው። ትናንት ዳግመኛ የተካነው ቄስ ነው። ያ ቄስ በማግሥቱ ወደዚያው መቅደስ፣ ወደዚያው ታቦት ተመለሰ። እጁ ሳይንቀጠቀጥ ቀርቶ ይመስላችኋል?

አዲሱ ንጉሥ ፋሲለደስም ቢሆን በየካቲት 1618 ዓ.ም. በደንቀዝ ከአባቱ ጋር ከማሉት አንዱ ነበረ። ይህን ብዙዎቻችን አንሰማም፤ ታሪካችንን ስናስተምር የማንወደውን ገጽ ቶሎ የመግለጥ ልማድ አለብን። የማለው እጅ ግን ሃይማኖትን የመለሰ፣ አብያተ ክርስቲያናትን ያነጸ እጅ ሆነ። ዛሬ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚሻገር ምእመን የዚህን ንጉሥ ዐፅም ከሌሎች ነገሥታት ዐፅም ጋር በክብር ተቀምጦ ያያል። መነኮሳቱ ስለ መሐላው ብለው ከደሴቱ አላስወጡትም።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ሁሉ ተመላሽ እንዴት ተቀበለችው? ዝም ብላ፣ ምንም እንዳልሆነ አድርጋ አይደለም። ከሃይማኖት ወጥቶ ለሚመለስ ሰው የተሠራ ጸሎትና ሥርዐት አላት፤ መጽሐፈ ቄደር ይባላል። ሰው ሲመለስ ይጸለይበታል፣ በውኃውም ይነጻል፤ ቀኖናውን ይቀበላል፤ ይጾማል፤ ይሰግዳል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በዕቃ ቤታችን መገኘቱ ራሱ ምስክር ነው። ልጆቿ እንደሚወድቁ የማታውቅ እናት የመመለሻ ጸሎት አታዘጋጅም።

ይህ ልማድ ከእናት መንበር ከእስክንድርያ የወረስነው ነው። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ዳክዮስ ስደት ብዙ ክርስቲያኖች ፈርተው ለጣዖት ሠዉ። ስደቱ ጋብ ሲል ተመልሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሙ። በሮም ኖቫትያኖስ የተባለ ቄስ ለእነዚህ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ስርየት የላትም አለ፤ የአንጾኪያው ጳጳስ ፋብዮስም ወደዚህ ሐሳብ አዘነበለ። የእስክንድርያው 14ኛ ፓትርያርክ ዲዮናስዮስ ለፋብዮስ ደብዳቤ ጻፈ፤ በደብዳቤውም የአንድ ሽማግሌ ታሪክ አለ፤ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ጠብቆልናል።

ሽማግሌው ሰራፕዮን ይባላል። ዕድሜውን ሁሉ ያለ ነውር ኖሮ በስደቱ ጊዜ ሠዋ። ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ቢለምን የሚሰማው አላገኘም። ታመመ፤ ሦስት ቀን መናገር ተስኖት ሰመመን ውስጥ ቆየ። በአራተኛው ቀን ነቃ ብሎ የልጁን ልጅ ጠራና ቄስ እንዲጠራለት ላከው። ሌሊት ነበር፤ ቄሱም ታሞ ስለ ነበር መምጣት አልቻለም። ነገር ግን ሊሞቱ ሲሉ ለሚለምኑ፣ ይልቁንም አስቀድመው ለምነው ለነበሩ፣ ስርየት እንዲሰጣቸው ዲዮናስዮስ አዝዞ ነበርና ቄሱ ከቅዱስ ቍርባኑ ጥቂት ለብላቴናው ሰጠው፤ አርሶ በሽማግሌው አፍ እንዲያደርግለትም ነገረው። ብላቴናው ደረሰ፤ እንደ ታዘዘውም አደረገ። ሽማግሌው ተቀበለና ወዲያው ዐረፈ። እስከዚያች ሰዓት ነፍሱ ያልወጣችው ስርየቱን ትጠብቅ ስለ ነበር አይደለምን ሲል ዲዮናስዮስ ይጠይቃል። በጨለማ መንገድ ያን ቅዱስ ነገር ይዞ የሮጠውን ብላቴና እኔ ባሰብሁ ቍጥር በየሰንበት ትምህርት ቤቱ ያሉ ሕፃናት ይታዩኛል።

በዛጌ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሄዳችሁ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከቅዱሳኑ ሥዕል ጋር በላዔ ሰብእን አይታችኋል። ታሪኩን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ አልደግመውም። ሠዓሊው ግን ያን ሰው የሣለው በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እንጂ በውጭ በዐጥሩ ላይ እንዳልሆነ ልብ በሉ።

«እንግዲያ ብንወድቅ ምን አለበት?» የሚል ቢኖር ከወለተ ጴጥሮስ ማኅበር ሕግ ጋር ይተዋወቅ። በእርሷ ቤት የግል ገንዘብ አልነበረም፤ ሥራና ጸሎት በጋራ ነበር፤ የሚያጠፋም ይገሠጽ ነበር። የመኳንንት ልጅ ስትሆን እንደ ቤት አገልጋይ እህል መፍጨትንና ውኃ መቅዳትን አልናቀችም። ራስዋንም ከኃጥአን ትቈጥር ነበር። ይህ ለታይታ የሚነገር ትሕትና አይደለም፤ በጸሎት የቀረበ ሰው ጉድለቱ ይበልጥ ይታየዋል፤ በጨለማ ቤት ውስጥ አቧራ አይታይም፤ መስኮቱ ሲከፈት ነው። ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገድሏን የጻፈው መነኵሴ ገላውዴዎስም ራሱን ኃጥእና በዳይ አድርጎ ነው የጀመረው። ያ ሰው ኃጢአቴ ይበዛል ብሎ ብርዑን ቢያስቀምጥ ኖሮ ዛሬ ስለ እርሷ የምናውቀው እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር።

ስለዚህ፣ ወንድሜ ሆይ፣ ከመዝሙሩ የቀረኸው ንጹሕ እስክትሆን ከሆነ የምትጠብቀው ቀን አይመጣም። በቅዳሴያችን ካህኑ ራሱ ስለ ራሱ ኃጢአት ይለምናል፤ ፍትሐት ዘወልድ ሲደገም እርሱም እኛም ከአንድ ሸክም በታች ነን። አንቺም እኅቴ፣ «ሰዎች ምን ይሉኛል?» ያልሽው እውነት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዶቻችን ምላሳችን ከኖቫትያኖስ ይከፋል። ይህ የእኛ ዕዳ ነው፤ ለእርሱም ንስሐ ይገባናል። ለንስሐ አባት የሚነገረው ግን ከዚያ ደጅ አያልፍም።

ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ በኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐርፋ በሬማ ደሴት ተቀበረች። በስሟ የታወቀው የቋራጣ ደብር ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን መማፀኛ ሆኖ ኖሯል። ከንጉሥ ቍጣ የሸሸ፣ ባለ ደም የሚያሳድደው ሰው እዚያ ከገባ አይነካም ነበር፤ ወንጀለኛ ነህ ወይስ ንጹሕ ተብሎም በበሩ አይጠየቅም። በዓሏ ጾመ ነቢያት በገባ በሦስተኛው ቀን ይውላል። በዚህ ዓመት ያን ቀን የምታከብሩ ሁሉ፣ ከቅጥሩ ውጭ ተሳልመው ከሚመለሱት አንዱን እጁን ይዛችሁ ግቡ፤ እናንተ ራሳችሁ ውጭ ቆማችሁ እንደ ሆነም ጾሙ ሳይገባ ንስሐ አባታችሁን ፈልጉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።