ከጓሳ ሣር ወደ ኮርኒስ

ሥራዬ አናጺነት ነው። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ቆርቆሮ እመታለሁ፣ ኮርኒስ እሠራለሁ። የድሮው የመንዝ ቤት ግን ኮርኒስ አያሻውም ነበር። በድንጋይ ካቡ ላይ የተከደነው ወፍራም የጓሳ ሣር ውርጩን ያግዳል፤ የምድጃው ጭስም ክዳኑን እያጠቆረ ከተባይ ይጠብቀዋል።

ሣሩም እንዲሁ አይታጨድም ነበር። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለውን የጓሳ ምድር የቀደምቶቹ አባቶች የአስቦና የጌራ ዘሮች ቄሮ በተባለ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ያስጠብቁት ነበር፤ አንዳንዴ ከ3 እስከ 5 ዓመት ተዘግቶ ይቆይ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮውም አብሮ ፈረሰ።

በሣሩ ፋንታ ቆርቆሮ መጣ። እሳት አያሰጋውም፤ ብርዱ ግን ለጉድ ነው! ሌሊት ይቀዘቅዝና ንጋት ላይ ያልበዋል፣ አልጋ ላይ ያንጠባጥባል። ያኔ ነው ኮርኒስ የግድ የሆነው። አቅም ያነሰው አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ይወጥራል፤ የተሻለው ኮምፔንሳቶ ያስመታል። ከውጭ፣ በክፈፉ ሥርም መሸፈን አለበት፤ የደጋው ነፋስ የሚገባው በዚያ ነው።

ለሙቀት፣ በእኔ ፍርድ፣ ባዶ ቆርቆሮ የሣር ክዳንን አይስተካከልም። ኮርኒስ የምታሠሩ ግን አደራ፣ ሞራሌው የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ተጣሞ ኮምፔንሳቶውን ይነቅለዋል።