የራስ ቤት፤ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቀኞች ማኅበራት ታሪክ

ጃዝ የሚባለውን ሙዚቃ የሚያደንቅ ሰው ብዙ ነው፤ የሙዚቃው ባለሙያዎች ለእንጀራቸው እንዴት እንደ ተደራጁ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የመለከቱን ድምፅ በደስታ እንሰማለን እንጂ፣ መለከት ነፊው ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ስንት እንደ ተከፈለው፣ ስለ ዋጋውም ማን እንደ ተሟገተለት አንጠይቅም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን የእነዚህን ሰዎች ማኅበራት ታሪክ በአጭሩ እንመለከታለን። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ በኒውዮርክ ከተማ ጥቁር ሙዚቀኛ ወደ ሀብታሞች ግብዣ ሲጠራ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀጠረው እንደ አሳላፊ ነበር፤ ለሙዚቃው የሚያገኘው እንግዶቹ የሚወረውሩለትን ጉርሻ ብቻ ነበር። ይህን ልማድ ለመለወጥ የሙዚቃ መሪው ጄምስ ሪስ ዩሮፕና ባልደረቦቹ በ1910 ክሌፍ ክለብ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ሙዚቀኛ የሚፈልግ ሁሉ በ53ኛው መንገድ ወደሚገኘው ወደ ማኅበሩ ቤት ይልክ ጀመር፤ ዋጋውም አስቀድሞ ይወሰን ነበር። ሜይ 2 ቀን 1912 ከ100 የሚበልጡ አባሎች በታላቁ የካርኔጊ አዳራሽ ተሰልፈው ሲጫወቱ፣ ትናንት ሳሕን ያመላልስ የነበረው ሰው የሙያ ባለቤት መሆኑን ከተማው ተመለከተ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1896 የአሜሪካ ሙዚቀኞች ፌዴሬሽን ተመሥርቶ ነበር። ይሁን እንጂ በብዙ ከተሞች የነበሩት የፌዴሬሽኑ ቅርንጫፎች በነጮች እጅ ስለ ነበሩ ጥቁሮችን በእኩልነት አይቀበሉም ነበር። በዚህ ምክንያት የቺካጎ ጥቁር ሙዚቀኞች በ1902 ቁጥር 208 የተባለውን የራሳቸውን ቅርንጫፍ አቆሙ። በ1917 ደግሞ ካንሳስ ሲቲ ቁጥር 627ን፣ ቡፋሎ ቁጥር 533ን አገኙ።

በአንድ ከተማ ሁለት ማኅበር መኖሩ በደል ነበር። የራዲዮውና የፊልሙ ሥራ፣ ደኅና ገንዘብ የሚከፈልበት ሁሉ፣ ለነጮቹ ይቀር ነበር። ሆኖም በደሉ የወለደው ቤት በረከት አልታጣበትም። ሹማምንቱን አባሎቹ ራሳቸው ይመርጡ ነበር፤ መዋጮውንም ራሳቸው ያዙበት ነበር። ካውንት ቤዚና ቻርሊ ፓርከር አባል በነበሩበት በካንሳስ ሲቲው ማኅበር ቤት፣ ሙዚቀኞቹ ከሥራ በኋላ እየተሰበሰቡ ሌሊቱን ይጫወቱ ነበር፤ ወጣቱም ከአንጋፋው የሚማረው እዚያ ነበር።

በሎስ አንጀለስ በዲ ኮሌት፣ ቻርልስ ሚንገስና ጓደኞቻቸው ይህ መለያየት እንዲያበቃ ታገሉ። ነጭና ጥቁር ሙዚቀኞች አብረው የሚለማመዱበት ኦርኬስትራም ተቋቋመ፤ አብሮ መጫወት ከተቻለ በአንድ ማኅበር መኖር የማይቻልበት ምክንያት እንደሌለ በሥራ ታየ። በ1953 ሁለቱ ማኅበራት ተዋሐዱ። የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ ከወጣ በኋላም ቺካጎን የመሳሰሉ ከተሞች ተከተሉ።

ይህ የፍትሕ ድል ነበር፤ ግን ዋጋ ተከፈለበት። በራሳቸው ማኅበር መሪ የነበሩት ሰዎች በትልቁ ማኅበር ውስጥ በድምፅ የሚበለጡ ጥቂቶች ሆኑ። የፊላደልፊያው ቁጥር 274 ይህን ፈርቶ አልዋሐድም ስላለ፣ ፌዴሬሽኑ በ1971 ፈቃዱን ነጠቀው። ነገር ግን አባሎቹ ነገሩን አስቀድመው ተመልክተው በ1966 የፊላደልፊያ ክሌፍ ክለብን አቋቁመው ነበርና ቅርሳቸው አልተበተነም። የቡፋሎ ሰዎች ከዚህም ቀድመው አስበውበታል፤ በ1918 የጀመሩትን ክለብ በ1935 ከሠራተኛ ማኅበሩ ተለይቶ በሕግ ራሱን እንዲችል አደረጉት። በ1969 ቁጥር 533 ከነጮቹ ማኅበር ጋር ሲዋሐድ ክለቡ ሳይነካ ቀረ። የካንሳስ ሲቲውም ቤት በ1981 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል፤ እውነት ነው። እነዚያ ሙዚቀኞች መተባበርን ያወቁት ከሁሉ በፊት ነበር። ከታሪካቸው የምንማረው ግን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ወደ ትልቁ ማኅበር መግባት መብታቸው ነበር፤ ሲገቡ ግን የኋላ ቤታቸውን በሕግ አስጠብቀው የገቡት፣ ልጆቻቸው የሚሰበሰቡበትን ስፍራ አላጡም።