የእስያ ጥበብ እና የጎንደር መልክ በተማሪዎች የንድፍ ሥራ

የግራፊክ ዲዛይን ትምህርት ፊደልን፣ ሥዕልንና ቀለምን አቀናጅቶ መልእክት ማስተላለፍን ያስተምራል። በምርጥ ዘር ከረጢት ላይ የታተመው ዓርማ፣ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ፣ በከተማ መንገድ ዳር የቆመው ሰሌዳ ሁሉ የዚህ ሙያ ውጤቶች ናቸው። በዘርፉ ለሚማሩ ወጣቶች ከሚሰጡ ልምምዶች አንዱ ከሌላ አህጉር ጥበብ፣ በተለይም ከእስያ፣ ሐሳብ ወስዶ የራስን አካባቢ ማንነት የሚገልጽ ሥራ ማዘጋጀት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ከባዕድ የተገለበጠ እንዳይሆን ምን ያስፈልጋል? ለዚህ ጥያቄ ጎንደር ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ያስቆጠረ መልስ አላት።

ዐፄ ፋሲል ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1636 ከመሠረቱ በኋላ የጎንደር ቤተ መንግሥት ከሕንድ ጋር ግንኙነት ነበረው። ኾጃ ሙራድ የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በ1660ዎቹ የንጉሡ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ሙጋሉ ንጉሥ አውራንግዜብ ተጉዟል። በዚያን ጊዜ ዴልሂ የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም በርኒየ ስለ መልእክተኞቹ ጽፏል፤ ከገጸ በረከቶቹ መካከል የሜዳ አህያ ቆዳና ዝባድ የተሞላ የበሬ ቀንድ ይገኙበት ነበር። በምጽዋ በኩል ደግሞ የሕንድ ጨርቅ ወደ ደጋው ይገባ ነበር። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን የፋሲል ግቢ ሲገልጽ የሕንድና የዓረብ የግንባታ ጥበብ አሻራ እንዳለበት ይጠቅሳል።

ለዲዛይን ተማሪ ግን ከግንቡ ይልቅ ሥዕሉ ብዙ ያስተምራል። የጥበብ ታሪክ አጥኚዎች የጎንደርን አሣሣል በሁለት ዘመን ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ደማቅና ጥላ የሌለው ቀለም፣ ጠንካራ መስመርና ጥቂት ዝርዝር ይዞ የሚታይ ነው። በእቴጌ ምንትዋብና በዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ዘመን የደመቀው ሁለተኛው ደግሞ ፊትን በጥላ ያለሰልሳል፤ ከቅዱሳን በስተጀርባ ከቢጫ ወደ ቀይና አረንጓዴ የሚሸጋገር ቀለም ያነጥፋል፤ ልብሱንም አበባ በፈሰሰበት የሐር ጥበብ ይሞላዋል። በጣና ደሴት ባለችው ናርጋ ሥላሴ እቴጌዋ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሠዓሊው ከባሕር ማዶ የመጣውን ጨርቅ ውበት አይቶ ወስዷል፤ ነገር ግን ያለበሰው የአገሩ ምእመን ሁሉ የሚያውቃቸውን ቅዱሳን ነው። ታሪኩ፣ የዓይኑ አቀማመጥና የቀለሙ ምርጫ የራሱ ሆነው ቀርተዋል። ሥዕሉን የተመለከተ ገበሬ የሕንድ ጥበብ ነው አላለም፤ የጎንደር ነው አለ እንጂ።

ከሥዕሉ ጎን ፊደሉ አለ። በጎንደር ዘመን የብራና መጻሕፍት የተጻፉበት ትልቅና ግርማ ያለው የአጻጻፍ ስልት ጉልሕ ይባላል። በገጹ ራስ ላይ የሚዘረጋው ሐረግም ለጌጥ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ አንባቢው አዲስ ምዕራፍ መጀመሩን በዓይኑ እንዲያውቅ ያደርጋል። ሁለቱም ለዛሬ ማሸጊያና ሰሌዳ የሚበቁ ናቸው። ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ የግዕዝን ፊደል የሥዕሉ ዋና አካል አድርጎ በዓለም መታወቁ ፊደሉ ምን ያህል አቅም እንዳለው ያሳያል።

ከእስያ የሚወሰደውስ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1964 ሻምበል አበበ ቢቂላ በማራቶን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበትን የቶኪዮ ኦሊምፒክ እናስታውስ። የውድድሩን ዓርማ የሠራው ዩሳኩ ካሜኩራ በነጭ መደብ ላይ አንድ ትልቅ ቀይ ክብ፣ ከሥሩም የወርቅ ቀለም ያላቸውን ቀለበቶችና ጽሑፍ ብቻ አኖረ። ጃፓናዊ ሁሉ ከሰንደቅ ዓላማው የሚያውቀው ፀሐይ ነበር። በዚያው ጊዜ በካትሱሚ ማሳሩ የተመራ ቡድን ጃፓንኛ የማያነብ እንግዳ ስፖርቱን፣ ስልኩንና መጸዳጃ ቤቱን በምልክት እንዲለይ ቀላል ሥዕሎችን አዘጋጀ። ጃፓናውያን ቤተሰቦች ለዘመናት በልብሳቸው ላይ ያደረጉት ክብ የዘር ዓርማ ለዚህ አስተሳሰብ መነሻ ነበር። ሳያነቡ የሚለዩት ምልክት ፊደል ላልቆጠረ ገበያተኛ ምን ያህል እንደሚጠቅም የእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም።

ስሕተቱ የሚጀምረው መልኩን ብቻ መቅዳት ሲመጣ ነው። የቻይናን ወይም የጃፓንን የብሩሽ ምት አስመስሎ አማርኛ መጻፍ ለዓይን ያምራል፤ የፊደሉ ቅጥያ ግን በቀላሉ ይጠፋበታል። ቡን ከበ የሚለየው በወገቡ ላይ ያለችው ትንሽ መስመር፣ ሊን ከለ የሚለየውም በእግሩ ላይ ያለችው ናት። መስመሯ በቀለም ከተዋጠች በከረጢቱ ላይ ያለው «ቡና» «በና»፣ «ሰሊጥ»ም «ሰለጥ» ይሆናል። ሌላው ልማድ የፋሲልን ግንብ በሆቴሉ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በማሩና በበርበሬው ላይ እኩል መለጠፍ ነው። ግንቡ ኩራት መሆኑ አያከራክርም፤ ሁሉም ከለበሰው ግን የአርማጭሆን ማር ከሌላው የሚለይ ምልክት አይሆንም። የላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ትክል ድንጋይ ስሟ ራሱ ሥዕል ነው፤ አንድ የቆመ ድንጋይ በጥሩ እጅ ቢነደፍ ከማንም የማይምታታ መለያ ይወጣዋል።

በሀገራችን ሙያውን ለመማር በ1950 ዓ.ም አካባቢ በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት የተከፈተውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ቀዳሚው ነው። በክልላችን ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የፋሽን ዲዛይን ያስተምራል። ተማሪው የነደፈውን ለመምህሩ ከማቅረቡ በፊት በቅዳሜ ገበያ ይዞ ወጥቶ፣ ዐሥር እርምጃ ርቆ ከቆመ ሰው ምን እንዳየ ቢጠይቅ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ሥራው ገበያ ላይ ሲውል ሕግም ይመለከተዋል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነ ሥራ ምዝገባ ሳያስፈልገው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ ያገኛል። በምርት ላይ የሚውል የንግድ ምልክት ግን በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው ለ7 ዓመት የሚጸና ሲሆን ሊታደስም ይችላል። ስለዚህ ለተማሪ ዓርማ የሚያሠራ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ምልክቱ በማን ስም እንደሚመዘገብና ለነዳፊው ምን እንደሚከፈል ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ሊስማማ ይገባል።